ቁም ሣጥን ላይ የቆየው ጥላ

የገብርኤል ዕለት ጧት፣ ወንበር ላይ ወጥቼ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ እጄን ብሰድ ጥላው የለም። ለዝናብ የሚያዘው ዓይነት አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነው፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ካህናት በንግሥ ቀን ከታቦቱ በላይ የሚዘረጉት። በአሮጌ ነጠላዬ ጠቅልዬ በሻሽ አስሬው ነበር። ነጠላውም ሻሹም በሥርዓት ታጥፈው እዚያው ተቀምጠዋል፤ የሌለው በመካከላቸው የነበረው ነው። ሌባ ቢሆን ነጠላ አጥፎ አይሄድም። በቤቱ ውስጥ ደግሞ ከእኔና ከባሌ እናት ከእቴቴ አበቡ በቀር ሰው የለም። እቴቴ ጎህ ሳይቀድ ነው ወደ ቅዳሴ የወጡት።

ባሌን ወንድምአገኝን ባገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በዚሁ በታኅሣሥ ገብርኤል፣ እኔና እቴቴ ጎን ለጎን ቆመን ተሳልን፤ “ለዚህ ቤት ልጅ ከሰጠኸን ጥላ እናስገባለን” ብለን። ሰው ሁሉ የሚሳለው እንዲህ ነው፤ የሚገዛው ግን ሲሰምርለት ነው። እኔ ቀድሜ ገዛሁ። ቅዳሜ ገበያ ከፋይና ዘርፍ የምትሸጠው ነጃት “ምነው እህቴ፣ ሲሰጥሽ አትገዥውም? ዘርፍ እንደሆን ከኛ ሱቅ አይጠፋ” አለችኝ። ነጃት ሙስሊም ናት፤ የከተማው አድባራት መጋረጃና ጥላ ግን አብዛኛው ከአባቷ ሱቅ የወጣ ነውና የስለትን ነገር ከብዙዎቻችን በላይ ታውቃለች። “የሰጠኝ ያህል ነው” አልኋት። እብሪት ይዞኝ አልነበረም። እግዚአብሔርን መጠበቅ ማለት ለኔ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም፤ እንግዳ እንደሚመጣ ያወቀ ሰው አልጋ ያነጥፋል። ጥላው አልጋ ማንጠፌ ነበር። በአንድ በኩል ዘርፉ ተተርትሮ ስለነበር ቢጫ ክር አጥቼ በአረንጓዴ ክር ራሴ ሰፋሁት። በየዓመቱ በገብርኤል ዕለት አወርደዋለሁ፣ አቧራውን አራግፋለሁ፣ “እንግዲህ ዘንድሮ” እለውና እመልሰዋለሁ።

ስንት ዓመት እንደሆነ እኔ መቁጠር ትቻለሁ፤ የሚቆጥሩልኝ ሌሎች ናቸው። ሐኪሞቹ ሁለታችንንም መርምረው “ምንም የለባችሁም፣ ጠብቁ” ብለዋል። ጎንደር ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ ውጤቱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እውነታቸውን ነው። ጠበሉን ጠጣሁ፣ ሱባኤ ገባሁ፣ ጠበቅሁ። ዘመድ በመጣ ቁጥር አንድ ተረት ይዞልኝ ይመጣል፤ አንዱ “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” ይለኛል፣ ሌላው “እግዜር ሳይደግስ አይጣላም” ይለኛል። የእቴቴ “የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል” ነበር፤ ይህን ሲሉ ጉልበቴን መታ መታ ያደርጉኛል። ወንድምአገኝ መሐንዲስ ነው፤ ደባርቅ ሥራ ከያዘ ዓመታት ሆነው፤ ከመስከረም ወዲህ ደግሞ ቤቱን አላየም። በደወለ ቁጥር “መንገዱ ተዘግቷል፤ ጠብቂ” ነው። መንገዱ በርግጥ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ምን ብዬ ልጠርጥር? ከዳባት፣ ከደባርቅ የመጣ በሽተኛ ደም ስቀዳ እውላለሁ፤ አንድም ቀን “መንገዱ እንዴት ነው?” ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ባሌን ማመን ማለት አለመጠየቅ ይመስለኝ ነበር።

ያን ዕለት ተረኛ ነበርሁ። ከባልደረባዬ ጋር ቀን ተለዋውጬ መቅረቴን እቴቴ አላወቁም። ጥላውን ሳጣው አልተቆጣሁም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። “ታቦቱ ፊት አቅርበው ሊያለቅሱልኝ ወስደውት ነው” አልሁ። ያንኑ አሮጌ ነጠላ ለበስሁና ባጃጅ ይዤ ወጣሁ። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ለእቴቴ ምን ብዬ እንደማመሰግናቸው ሳስብ ነበር። 

ቅጥሩ ነጭ በነጭ ሆኗል። ሰባኪው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ማይክ ይዞ ስለት ያስገቡትን በየተራ ለሕዝቡ ያሳያል። አንዱ ከአልጋ ተነሥቶ ምንጣፍ አምጥቷል፤ አንዷ ልጇ ከስደት ተመልሶላት ሻማ ተሸክማለች። ለሁሉም እልል አልሁ። የሰው ስለት ሲሰምር እልል ማለት እወዳለሁ፤ የኔም ተራ የቀረበ ይመስለኛል። ቀጥሎ እቴቴ አበቡ ወጡ። አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ቀዩን ጥላ ዘርግተው ከራሳቸው በላይ ይዘውታል።

“እናታችን ወለተ ሚካኤል፣” አለ ሰባኪው፣ “ልጃቸው ዘሩን ሳያይ እንዳይቀር ለቅዱስ ገብርኤል ተስለው ነበር። መልአኩ ሰምቷቸው ወንድ የልጅ ልጅ አቅፈዋል! ክርስትናውም ተነሥቷል! ይኸው ስለታቸውን ይዘው ቀርበዋል፤ እልል በሉ!”

እቴቴ ከወንድምአገኝ ሌላ ልጅ የላቸውም። እልልታው ከኔም አፍ ወጥቶ ነበር፤ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ጀምሬው ነበር። መሀል ላይ ስደርስ ነው ነገሩ የገባኝ። አፌ ተከፍቶ ቀረ። በዚያው ቅጽበት አንድ ሰው ከኋላዬ አቅፎ ወዘወዘኝ። ሰላም ናት፤ አብራኝ ትሠራ የነበረች፣ ለትምህርት ከሄደች ወዲህ ያልተያየን። እቴቴን በደንብ ታውቃቸዋለች።

“አንች! ምነው ደበቅሽን? እንኳን ማርያም ማረችሽ!” ብላ ሳመችኝ። ደግማ ልትስመኝ ስትል ፊቴን አየችው። እጇ ወገቤ ላይ እንዳለ ቀረ። “ለካ…” አለች፤ አልጨረሰችውም። በነጠላዋ አፏን ሸፈነችና ወደ ሰው መሀል ገባች። ማርያም ያልማረቻት ሴት፣ እልል በሚሉ ሰዎች መሀል “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ስትባል ምን እንደሚሰማት ለሰው ማስረዳት አይቻልም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር ይባላል፤ እኔ ግን የተመኘሁት ምድር እነሱን እንድትውጥ ነው።

ታቦቱ ወጣ። ከላይ ከተዘረጉት ጥላዎች መሀል የኔው አለ፤ አረንጓዴው ክር ከዘርፉ መሀል ይታየኛል። ከሕዝቡ ጋር ወደቅሁ፣ ሰገድሁ። “ገብርኤል ሆይ፣ ጥላው ያንተው ነው፤ ሰጥቼሃለሁና አልቀማህም” አልሁት። “ግን የማን ስለት ብለህ ነው የተቀበልኸው?” መልስ አልሰማሁም። ከዓመታት ወዲህ መልስ አለመስማትን ለምጄዋለሁና በዚህ አልተጣላሁትም። ያስጠላኝ ሰው ነው። እኚህ ሴትዮ በየማታው ከኔ ጋር አንድ መሶብ ቀርበው ሲያጎርሱኝ ኖረዋል። ልጁ ተፀንሶ፣ ተወልዶ፣ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ አንዲት ቃል ሳታመልጣቸው ዋሽተውኛል። ታቦቱን ግን አንድ ቀን ሊዋሹት አልቻሉም። የሰመረ ስለት ካላስገቡ መልአኩ ይቀሥፋላ። እኔ አልቀሥፍም፤ ስለዚህ እኔን መዋሸት ይቻላል። ይህ ነው እግዚአብሔርን መፍራት የሚባለው?

ቤት ስደርስ ዝክሩ ተጀምሯል። ሳሎኑ ውስጥ የሶፋው ዳንቴል ታጥቦ ተመልሷል፤ ቴሌቪዥኑ መዝሙር ያሰማል። የባሌ አጎት አያ ሙሉቀን ከሚስታቸው ጋር፣ የሰፈር ሴቶችም በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ምስር ዋጋ ያወራሉ። ማክሰኝት ላይ ረከሰ፣ እዚህ ሲደርስ ተወደደ፣ ነጋዴው ነው፣ የለም ጫኙ ነው። ጾም ስለሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ቀርቧል። አንዷ ሴትዮ ድስቱ ቀድሞ ቅቤ ነክቶት እንደሆን አጥብቃ ትጠይቃለች። አዲስ ድስት ነው አሏት፤ እግዜር ይስጥሽ ብላ ጎረሰች። እኔ ስገባ ወሬው ቆመ። የሁሉም ዓይን ወደ እቴቴ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ማን ያውቅ ነበር፣ ማን አያውቅም ነበር ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በቤቱ ውስጥ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

“ምነው ልዕልትዬ፣ ሥራ አልገባሽም?” አሉ እቴቴ።

“ጥላዬ የት ገባ?”

አያ ሙሉቀን ማኘካቸውን አላቆሙም። እቴቴ ከተቀመጡበት ተነሥተው እጄን ያዙ። “ስለት ነው እኮ፣ ልጄ። የሰመረ ስለት ቤት ውስጥ አያድርም። ሌላ ገዝቼ እንዳላስገባ፣ ያ ለመልአኩ የተባለ ዕቃ ነው። አብረን አይደል የተሳልነው? ለዚህ ቤት ልጅ ስጠን አላልንም? ይኸው ሰጠን።” ቀጠሉ፤ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ብለው እንጂ ሊነግሩኝ እንደነበር፣ ሁሉም በጊዜው እንደሚሻል። ሲናገሩ ፊታቸው ላይ እፍረት ፈለግሁ። የለም። በጾምና በጸሎት የደመቀ፣ ሸጋ የእናት ፊት ነው።

“ልጁን እሑድ እናመጣዋለን” አሉ። “አንቺው ታሳድጊዋለሽ። ገብርኤል የሰጠሽ ልጅ ነው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ስንልሽ አልኖርንም?”

“አሜን” አሉ ሴቶቹ በአንድ አፍ።

“እናቱስ?”

“እሷማ ወደ ደባርቅ ሲወጣ ኮሶዬ መንገድ ዳር ምግብ የሚሸጡ ሰዎች ልጅ ናት። ገና ለጋ ናት፤ ታገባለች፣ ትወልዳለች። ወንድምአገኝ ሥራው ረጋ ሲል ያስብላታል። ጠብቂ ብለናታል።”

ጠብቂ። ለኔ ሲሉት የኖሩትን ቃል፣ ለኔ ሲሉት በነበረው ድምፅ። “ስሟ ማን ነው?” አልሁ።

እቴቴ ወደ አያ ሙሉቀን ዞሩ። አያ ሙሉቀን ወደ ሚስታቸው ዞሩ። “እንዲያው… ማን ነበር ያልሽኝ አበቡ?” አሉ ሚስታቸው። የልጁን ስም ሁሉም ያውቀዋል፤ ክርስትናው ላይ የተበላውን፣ የተጠጣውን ጠላ ውፍረት ሳይቀር ያውቁታል። የወለደችውን ሴት ስም ግን በዚያ ሳሎን ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ቅቤ ነክቶት ይሆን ብላ ስለ ድስቱ ስትጠይቅ የነበረችው ሴትዮ እንኳ ስለዚህ ለመጠየቅ አላሰበችም። ወተት አይነኩም፣ ዕንቁላል አይነኩም፤ ሰው ግን ጥሬውን ይበላሉ።

እቴቴ ዝምታዬን እሺታ አድርገው ወሰዱት። አቀፉኝና በጆሮዬ “ለራስሽም ሌላ ጥላ እንሳላለን፤ የቆየ…” ብለው ሳይጨርሱት እጃቸውን ከትከሻዬ አነሣሁት። ልጃቸው አልቆየም፤ ከሚስቱም አልወለደም። ይህን ጮክ ብዬ ነው የተናገርሁት፤ ሁሉም ሰምቷል። “በገብርኤል ቀን እንዲህ ያለ ክፉ ቃል!” አሉ የአያ ሙሉቀን ሚስት። ጓዳ ገብቼ ልብሴን ጥቂት ጥቂት ቦርሳ ውስጥ ከተትሁ።  ስወጣ የምስሩ ወሬ ተመልሶ ተጀምሮ ነበር።

ደጅ ላይ ስልኬ ጠራ። “እንኳን አደረሰሽ” አለ ወንድምአገኝ። ድምፁ እንደወትሮው ለስላሳ ነው፤ እናቱ የሠሩትን ገና አልሰማም። “መጥቼ አብሬሽ ባከብር እንዴት ደስ ባለኝ። ግን መንገዱ…”

“ተዘግቷል” አልሁለት ቀድሜ።

“አዎ። ጠብቂ፣ የኔ ቆንጆ።”

ዘጋሁበት።

መናኸሪያ የሄድሁት ማክሰኝት እናቴ ዘንድ ልሳፈር ብዬ ነው። ወደ ባሕር ዳር መንገድ የሚሄዱት መኪኖች ወደቆሙበት ሳቀና አንድ ረዳት በሌላው በኩል ጉሮሮው እስኪነቃ ይጣራል። “አምባ ጊዮርጊስ! ዳባት! ደባርቅ! ደባርቅ ሞላ፣ አንድ ሰው!” ቆምሁ። በዓመታት ውስጥ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ ያን ጊዜ ጠየቅሁ። “መንገዱ ክፍት ነው?”

“ኧረ እታለም!” አለ ረዳቱ። “ከተከፈተ ስንት ጊዜው። ጧት ደባርቅ አድሬ የመጣሁ አይደለሁ? ግቢ፣ ግቢ፣ አትዘግይብን።”

ሁለቱንም አቅጣጫ አየሁ። እናቴ ዘንድ ብሄድ የሚያለቅስልኝ ሰው አገኛለሁ። ያቺን ልጅ ግን እሑድ እነዚህ ሰዎች ደርሰው፣ በእግዚአብሔር ስም ምለው፣ ከደረቷ ላይ ልጇን ያነሡባታል፤ ጠብቂ ተብላለችና ትጠብቃቸዋለች። ለሷ አዝኜላት ነው ብል እዋሻለሁ፤ ባሌን የወሰደች ሴት ናት፣ ፊቷን ማየት ቀፍፎኝ ነበር። ነገር ግን እነዚያ አፎች በኔ ላይ የሠሩትን ደግመው ሲሠሩ ዝም ማለቱ የበለጠ ቀፈፈኝ። በቀረችው አንዲት ወንበር ገባሁና ተቀመጥሁ። ዳገቱን ስንወጣ እንደልማዴ ልጸልይ ከንፈሬን አንቀሳቀስሁ። የመጣልኝ ልጅ ስጠኝ የሚለው የኖረው ጸሎቴ አልነበረም። “አንተን እጠብቃለሁ፤ ከነሱ ጋር ግን አታምታታኝ” የሚል ነው።

ኮሶዬ ጉም ወርዶ ነበር። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሰሞኑን ክርስትና የተነሣበት ቤት ብዬ ብጠይቅ መጀመሪያ ያገኘሁት ሰው በጣቱ አሳየኝ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ መንገዱን አፍንጫው ሥር ያደረገ፣ ሁለት አግዳሚና አንድ ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት ነው። በሩ አጠገብ አንዲት ልጅ ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ልጅ ያልሁት ሌላ ቃል አጥቼ አይደለም፤ ፊቷ ላይ ገና ብጉር አለ።

“ግቢ፣ ብርዱ አይቻልም” አለችኝ። “ሽሮ አለ። ምን ላቅርብ?”

“ስምሽ ማን ነው?”

“ማሬ” አለች፤ ምን ያለ ጥያቄ ነው በሚል ዓይን እያየችኝ።

“ከጎንደር ነው የመጣሁ። ከወንድምአገኝ ቤት።”

ፊቷ በራ። ቦታ ለቀቀችልኝ፣ አግዳሚውን በእጇ ጠረገችልኝ። “ልኮሽ ነው? ተቀመጭ እንጂ! እኔማ ለናቴ ነግሬያት ነበር፣ ለገብርኤል ካልመጣ ሰው ሳይልክ አይቀርም ብዬ። ደባርቅ ያለ ሰው እንዴት ይምጣ፣ መንገዱ ተዘግቶበት ነው እንጂ። ጠብቂ ብሎኛል። እግዜር ያውቃል፣ እጠብቃለሁ።”

ይህን ስትል ከደባርቅ የመጣ አውቶቡስ ጡሩንባውን እየነፋ በደጁ አለፈ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቀጫቀጩ። ማሬ የሕፃኑን ጆሮ በመዳፏ ሸፈነች፤ ወደ መንገዱ ቀና አላለችም።

ያን ጊዜ ነው ጥላቻዬ ከሷ ላይ የተነሣው። መኪናው ሲያልፍ አለማየቷን አወቅሁት፤ እኔም የደባርቅ ሰው ደም ስቀዳ የኖርሁበት አለማየት ነው። አጠገቧ ተቀመጥሁ። ሕፃኑ የተጠቀለለበት ጨርቅ ስስ ነው፤ ጉንጩ በብርድ ቀልቷል። ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ አለበስሁት። ያ ነጠላ ለሱ የተሳልሁትን ጥላ ጠቅልሎ የኖረ ነው፤ ይህን አልነገርኋትም።

“እሑድ የወንድምአገኝ እናት ይመጣሉ” አልኋት። “ልጁን ሊወስዱ ነው የሚመጡት። ደግ ነገር እየተናገሩ ነው የሚወስዱት። እንዳትሰጫቸው።”

ልጁን ወደ ደረቷ ሳበችው። “አንችስ? የሱ ምኑ ነሽ?”

“ሚስቱ ነኝ።”

 ከጓዳ እናቷ ሽንኩርት ሲከትፉ ይሰማል። “ሚስት የለኝም ብሎኛል” አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ አንሶ። “ሲመጣ ራሱ ይንገረኝ። መንገዱ ይከፈትና…”

“ማሬ፣” አልኋት፣ “እኔ በምን የመጣሁ ይመስልሻል?”

 ከደባርቅ በኩል ሌላ ሚኒባስ መጣ፤ ሰው ሞልቶ፣ ጣሪያው ላይ ዶሮና ጆንያ ጭኖ። ማሬ የልጁን ጆሮ መሸፈን ረሳች። ቀና ብላ አየችው፤ በደጃችን አልፎ፣ ጠመዝማዛውን ዞሮ፣ ወደ ጎንደር እስኪወርድ ድረስ።